በመኪና የሄደው ምርቃት

ሰው ሁሉ ትክክለኛ ሚዛን እወዳለሁ ይላል። አትመኑት። ዕድሜዬን ከሚዛን ኋላ ቆሜ የፈጀሁ ሰው ነኝና ልንገራችሁ፤ ገዢ ሚዛኑን የሚያየው ለወጉ ያህል ነው። ዓይኑን የሚተክለው ሚዛኑ ከቆመ በኋላ በሻጩ እጅ ላይ ነው። ያ እጅ ወደ ጆንያው ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እፍኝ ዘግኖ ይመርቃል ወይስ ፌስታሉን ቋጥሮ «ሌላስ?» ይላል? ኪሎውን አሟልቶ የሰጠ ነጋዴ ግዴታውን ተወጣ እንጂ ማን ያመሰግነዋል? አሟልቶ እፍኝ የጨመረበት ግን ስሙ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፤ ልጁን ሲድር ድንኳኑ ጠቦ ሰው ደጅ ይቀመጣል።

ቲማቲም ሲመረቅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ምስርም ይመረቃል፣ ቆሎም ይመረቃል። ሚስማር ሲመረቅ ያያችሁ ከሆነ ግን የእኛን ሱቅ ታውቁታላችሁ ማለት ነው። እኔ ሰይድ እባላለሁ፤ አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቁልፍ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ፣ ቤት የሚባል ነገር እንዳይፈርስ የሚይዘው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ። ሱቁን ያቆመው አባቴ ነው። አላህ ይዘንለትና፣ ከወሎ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ መጥቶ እዚሁ ወረደ፤ የማዳበሪያ ጆንያ መሬት ላይ ዘርግቶ ሚስማር በኪሎ መቸርቸር ጀመረ። የመጀመሪያ ደንበኛው ጋሼ ቶሎሳ ነበሩ። ያኔ ጋሼ ቶሎሳ በሬ ጠምደው የሚያርሱ ጎልማሳ ነበሩ፤ ዛሬ ማሳቸው ላይ ኮንዶሚኒየም በቅሎበታል። አባቴ አንድ ኪሎ መዝኖ ሰጣቸውና እጁን መልሶ ሰዶ እፍኝ ጨመረላቸው። ጋሼ ቶሎሳ ሚስማሩን ኪሳቸው ከተው፣ «ይሄ የወሎ ሰው እጁ ሰፊ ነው» ብለው መንደራቸውን በሙሉ ይዘው ተመለሱ። ሱቃችን የቆመው እንግዲህ በዚያች እፍኝ ላይ ነው። እኔም ከአባቴ የወረስኩት ትልቁ ሀብት ሱቁ ሳይሆን እጁ ነው ብል አላጋነንኩም። ትንሽ አጋንኜ ይሆናል፤ ሱቁም ደህና ሱቅ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሐያት የመጀመሪያ ልጄ ናት። ኮምፒውተር ተምራ እንደመጣች፣ «አባዬ፣ ሱቁን ኦንላይን ላውጣው» አለችኝ። «ሱቁ እኮ አስፋልት ላይ ነው ያለው፤ ከዚህ በላይ ወዴት ታወጪዋለሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። ከዚያ እያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ አነሳች፤ የበር ማጠፊያ እንደ ሙሽራ ከፊት ከጎን ሲነሳ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስሙን፣ ዋጋውን፣ ክብደቱን አስገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮዬ ፈጬ ያሉ ሰዎች፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷቸው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ የተረከቡቱ ማለቴ ነው፣ ሶፋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ሶፋ ከገዙ ነው እንግዲህ፣ ከእኔ ሱቅ ቧንቧ ማዘዝ ጀመሩ።

ኮራሁ። ለምን እደብቃለሁ? በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት «ሲስተም የለም» እየተባልኩ የኖርኩ ሰው፣ የራሴ ሲስተም ኖረኝ! ጁምዓ ሰግደን ስንወጣ ጫማዬን እየፈለግሁ «ልጄ የሠራችው ሲስተም» እላለሁ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ያለው ሰው ምንም ሳይጠይቀኝ እነግረዋለሁ። አንዱ የመስጊድ ጎረቤቴ ጫማውን በእጁ እንደያዘ በባዶ እግሩ ሲያመልጠኝም አይቻለሁ። ይሁን፤ ልጅ ሲያኮራ ዝም የሚል አባት እሱ ልጁን አያውቃትም።

የሲስተሙን አሠራር ባጭሩ ላስረዳችሁ፤ ሐያት ለእኔ ስታስረዳኝ አላጠረም ነበር። ማጓጓዣ የሚከፈለው በክብደት ነው። ሃያ ኪሎና ከዚያ በታች የሆነ ዕቃ በሞተር ይሄዳል። ከሃያ ካለፈ ዳማስ የምንላት ሚጢጢ የጭነት መኪና ትመጣለች፤ ኪራይዋ ከሞተሩ እጅግ ይበልጣል። ደንበኛው ራሱ በስልኩ ገብቶ ሲያዝ ክብደቱም ሒሳቡም አስቀድሞ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ እኔ ሸጎጥ አድርጌ እፍኝ ብጨምርለት ሲስተሙ አያየኝም። ደውሎ ለሚያዝ ሰው ግን ትዕዛዙን በእጅ ማስገባት ግድ ነው። ሐያት ይህን «ማኑዋል ኦርደር» ትለዋለች። ዕቃው ተጠቃሎ ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ሚዛኑ ያለውን እጽፋለሁ፣ «አስገባ» የሚለውን እጫናለሁ። የቀረውን እሱ ነው የሚያውቀው፤ የማጓጓዣውን ዋጋ ይቆርጣል፣ ሞተር ወይም መኪና ይጠራል፣ ለደንበኛው በስልኩ መልእክት ይልካል። ድሮ ዕቃ የሚያመላልስልን ባለጋሪ ጭነቱን በዓይኑ ገርመም አድርጎ ዋጋ ይናገር ነበር። ለእፍኝ ሚስማር ዋጋ የጨመረ ባለጋሪ ግን አላየሁም፤ ፈረሱም ቅር ብሎት አያውቅም።

ጉዱ የተፈጠረ ቀን ሐያት ቀለም ልታመጣ ሳሪስ ሄዳ ነበር። ጋሼ ቶሎሳ ደወሉ። ጋሼ ቶሎሳ በድረ ገጽ አያዙም፤ ስልካቸው ቁልፍ ያለው ነው፣ እሳቸውም እንደ ስልካቸው ናቸው፤ ባትሪያቸው አያልቅም። «አካም ቡልቴ?» አሉኝ፤ እንዴት አደርክ ማለታቸው ነው። «ነጋ» አልኩ፣ ደህና ማለቴ ነው፤ አፋን ኦሮሞዬ እዚያ ላይ ስለሚያበቃ ወደ አማርኛ ተሻገርን። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ነው፤ ለሙሽሮቹ ግቢያቸው ውስጥ ቤት እየሠሩ ነው፤ አናጢው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሚስማር አልቆበታል። የጣሪያ ሚስማር፣ ማጠፊያና ቁልፍ አሁኑኑ ይምጣልኝ አሉ። በምን እንደምልክላቸው ጠየቁኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ በሞተር ነው፣ ዋጋውም ይህን ያህል ነው፣ አናጢው ከጣሪያ ሳይወርድ ይደርሳል አልኳቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ልብ አድርጋችሁ ያዙልኝ።

ዕቃውን ጠቅልዬ ሚዛን ላይ አወጣሁት። ከሃያ በታች ሆነ፤ ለጥቂት ነው እንጂ ከሃያ በታች ነው። ሐያት ብትሆን ኖሮ ያኔውኑ ጽፋ ትጨርሰው ነበር። የእኔ እጅ ግን ወደ ሚስማሩ ሣጥን ሄደች። የአባቴ እጅ ናት ብያችሁ የለ? ፈቃድ አትጠይቀኝም። አንድ እፍኝ ዘገነች። ደግሞ ጋሼ ቶሎሳ ናቸው፣ ደግሞ ሠርግ ነው፣ በአባቴም ስም ይሁን ብላ አንድ ደገመች። ምርቃቷን በትንሽ ፌስታል ለብቻዋ ቋጥሬ ከላይ አስቀመጥኳት፤ የማይታይ ምርቃት ምኑ ምርቃት ነው? ሚዛኑ ሃያን አለፍ አለ። እኔ ደግሞ ሐሰት መጻፍ አልወድም። ሚዛኑ ያለውን ጻፍኩ፤ «አስገባ» አልኩ።

ሞተር ስጠብቅ ዳማስ መጥታ ቆመች። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ቀጥሎ ነገሩ ሲገለጥልኝ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ሲስተሙ ጋሼ ቶሎሳን አወቃቸው! እንደ እሳቸው ያለ ሽማግሌ ዕቃ፣ ለዚያውም የሠርግ ዕቃ፣ በሞተር ከሚሄድ በመኪና ይሂድ ብሎ አክብሮ ላከላቸው! ጎረቤቴን መስታወት ቆራጩን ጠርቼ፣ ልጄ ለሲስተሙ ሽማግሌ ማክበር ሳይቀር እንዳስተማረችው ነገርኩት። ሹፌሩ ጥቅሉን በአንድ እጁ አንስቶ፣ «ይሄን ብቻ ነው?» አለኝ። «የያዝከውን የሚያህል የለም፤ ቀስ ብለህ ንዳ» አልኩት።

ብዙም ሳይቆይ ጋሼ ቶሎሳ ደወሉ። ሊመርቁኝ ነው ብዬ ድምፄን አስተካክዬ አነሳሁ። አልተቆጡም፤ ምነው ተቆጥተው በነበር! ሽማግሌ ሲቆጣ ይወጣለታል፤ ዝግ ብሎ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። መልእክቱ ስልካቸው ላይ እንደገባ፣ የነገርኳቸው ዋጋና የተጻፈው ዋጋ እንዳልተገናኘ፣ ሹፌሩን ምክንያቱን ሲጠይቁት «ክብደቱ ትንሽ አለፈ» እንዳላቸው በዝርዝር ነገሩኝ። ያለፈውም ምን እንደሆነ ፌስታሏን ሲያዩ ገብቷቸዋል። «አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «አባትህ ሲመርቀኝ በኪሴ ይዤ እሄድ ነበር። ያንተ ምርቃት መኪና ተከራይቶ መጣ፤ ኪራዩንም እኔ ከፈልኩለት።» ቀጥለውም፣ «ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት፤ ከእንግዲህ ሚስማር ሳሪስ ሄጄ እገዛለሁ፤ እዚያ ምርቃትም የለም፣ ኪራይም የለበትም» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ ደንበኛ ቢሄድ ምን አለበት ትሉኝ ይሆናል። ጋሼ ቶሎሳ እኮ ደንበኛ አይደሉም፤ የሱቁ መሠረት ናቸው። እሳቸው «የሰይድ እጅ ጠበበ» ካሉ የሚጠበው የእኔ እጅ ብቻ ሳይሆን የአባቴም ነው፤ እሱ ደግሞ ተነሥቶ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አይደለም ያለው። አፈርኩ፣ ቀጥሎ ተናደድኩ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ኮምፒውተሩ ላይ ጮህኩበት። ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ አየኝ።

ሐያት ቀለሟን ይዛ ስትመጣ ጠበቅኋት። ሲስተሙ ይነሣ አልኳት። ልጄ የሠራችው ሲስተም እያልኩ ቃሊቲን ያደነቆርኩት ሰውዬ፣ ይህ ነገር ወግ አያውቅም፣ ስጦታን ከሸቀጥ አይለይም፣ ምርቃት የማያውቅ ነገር እኛ አገር ምን ይሠራል አልኳት። ሐያት ትዕዛዙን ከፍታ አየችው። «አባዬ፣ ሲስተሙ ያደረገው እኮ አንተ የጻፍክለትን ነው። ሁለቱን እፍኝ አንተ ነህ የሸጥክላቸው» አለችኝ። እኔ? ምርቃት ሸጥኩ? አላህ አያሳየኝ ያልኩትን ነገር በገዛ እጄ አድርጌዋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያን ጊዜ የፈራሁት ቀጥሎ የምትናገረውን ነበር። የተማረ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። «እንግዲህ ምርቃቱን ማቆም ነው» ልትለኝ ነው፤ ልክም ትሆናለች፤ እኔም አንድም መከራከሪያ የለኝም። ልጄን ላስቀይም ወይስ አባቴን? ሐያት ግን ይህን አላለችም። ኪቦርዱን ወደ ራሷ ስባ መጻፍ ጀመረች። ብድግ ብዬ ከኋላዋ አየሁ። አዲስ ዕቃ እየመዘገበች ነው። ስም፦ ምርቃት። ዋጋ፦ ዜሮ። ክብደት፦ ዜሮ። ለፎቶውም፣ «እጅህን ስጠኝ» ብላ እፍኜን ሚስማር ሞልታ አነሳችው። ከእንግዲህ በእጅ የምናስገባው ትዕዛዝ ሁሉ መጀመሪያ ይመዘናል፣ ይጻፋል፤ ከዚያ ምርቃት የሚለው ይጨመርበታል፤ እፍኙ ደረሰኙ ላይ ይታያል፣ ሚዛኑ ላይ ግን አይቆጠርም።

በልጄ ኮርቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ኮርቼ አላውቅም። ድረ ገጹን ስትሠራ በእውቀቷ ነበር የኮራሁት፤ እውቀት ደግሞ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያገኘዋል። አያቷን በደንብ ሳታውቀው ያደገች ልጅ የአያቷን እጅ ከአዲሱ ሱቅ ሳታስወጣው ቦታ ስትሰጠው ሳይ፣ ቀለም ሸተተኝ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ።

በማግስቱ ሁለታችን ወደ ጋሼ ቶሎሳ ግቢ ሄድን። ያለአግባብ የወጣባቸውን የኪራይ ልዩነት ይዣለሁ። ግቢያቸው በኮንዶሚኒየሞቹ መሀል ነው፤ ከብቶቻቸው ሁለት ቀርተዋል፤ አናጢው ያችን የፈረደባትን ጣሪያ ይመታል። ልዩነቱን ዘረጋሁላቸው፤ ወስደው ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱ። ፊታቸው ግን አልተፈታም፤ ነገሩ የብር አልነበረማ። ሐያት አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስልኳ ላይ አዲሱን ዕቃ አሳየቻቸው። የእኔን እጅ አዩ፣ የተጻፈውን ጣታቸውን እያስኬዱ አነበቡ፣ «ዜሮ» የሚለው ላይ ቆሙ። «ባዶ ነው ማለት ነው?» ብለው ጠየቋት። ሐያትም፣ «አይ ጋሼ፣ ምርቃቱማ ሙሉ ነው፤ እርስዎ ላይ አይመዘንብዎትም ማለት ነው» አለቻቸው።

ጋሼ ቶሎሳ እጁን እንደገና አዩት። «የአባትህ እጅ እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ አናጢው ሳይቀር መዶሻውን አቁሞ ከላይ ተመለከተን። ሳሪስ የመሄዱ ነገር በዚያው ቀረ። እርጎ ካልጠጣችሁ አትሄዱም ተባልን፣ ለሠርጉም በአፍ ተጠራን፤ ሐያትንም ከእኔ ለይተው ለብቻዋ መረቋት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው ታሪኩን ጀመርኩለት። ሐያት በክርኗ ጎሸመችኝ፤ እኔ ግን ጨረስኩት።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ባማረ! ግን ሐያት ያልጠረጠረችው አንድ ነገር ነበር፤ ያልጠረጠረ ደግሞ ተመነጠረ ነው። ምርቃት የተመዘገበው ከሌሎቹ ዕቃዎች ጋር ነዋ። ድረ ገጹን ለከፈተ ሁሉ ይታያል፤ ከማጠፊያና ከቁልፍ መሀል፣ የእኔ እጅ፣ ዋጋው ዜሮ። ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍት ትዕዛዝ በትዕዛዝ ላይ ተደራርቧል። ከኮዬ ፈጬ አንዷ ቧንቧዋን ሰርዛ ምርቃቱን አስቀርታለች። ከገላን አንዱ ሌላ ምንም ሳይገዛ ምርቃት ብቻ አዟል፤ «ትኩስ ይሁን» ብሎም ጽፎበታል፤ ምን መስሎት እንደሆነ አላህ ይወቅ። ሲስተሙም እንደ ደንቡ ምርቃትን ከላይ አውጥቶ «በብዛት የተፈለገ» የሚል ምልክት ለጥፎባታል። አባቴ መሬት ላይ የጀመረው ነገር የሱቃችን አንደኛ ዕቃ ሆነ! ሐያት ራሷን ይዛለች፤ እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት።

ከትዕዛዞቹ መሀል አንዱ በልዩ ሁኔታ ጎልቶ ይታያል። ሙሽራው የጋሼ ቶሎሳ ልጅ በስልኩ ያስገባው ነው፤ ስሙ ግን የአባቱ ነው። ቶሎሳ። ዕቃ፦ ምርቃት። ብዛት፦ መቶ። ከሥሩ ማሳሰቢያ አለው፤ «መኪና አያስፈልግም፤ በሞተር ይሁን» ይላል። ሐያት፣ «አባዬ፣ እየቀለዱ ነው፤ ልሰርዘው?» አለችኝ። የአያትሽን እጅ ነው የምትሰርዢው? አልኳት፤ ምርቃትን ለሁሉም እንዳይታይ ሸሽጊው፣ ይህ ትዕዛዝ ግን ይሄዳል። እጅጌዬን ሰብስቤ እፍኝ በእፍኝ ቆጥሬ ሞላሁ፤ እጄ እስክትደነዝዝ። ሲስተሙ ክብደቱን ዜሮ፣ ማጓጓዣውን ዜሮ ብሎ ሞተር ጠራ። ሞተረኛው መጣ፣ ጆንያውን በሁለት እጁ ሞከረው፣ እኔን አየኝ፣ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ዳማስ ጠራሁ። ያው ሹፌር ነው የመጣው፤ ጆንያውን እየጎተተ ከጫነ በኋላ የዚህኛውን ኪራይ ማን እንደሚከፍል ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ ልጄ የሠራችውን ሲስተም አሳየሁት፤ «ዜሮ» ይላል። ሹፌሩ አነበበው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም እጁን ዘርግቶ ቆመ። እጁ የአባቴን እጅ ታክላለች፤ ከኪሴ ብር አውጥቼ ሞላሁለት።